ግራጫዎቹ ትራንዚስተሮች

ጥቅምት 9

እትዬ፣

መልስ አዘገየሁብሽ። ምክንያት ብደረድርልሽ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልለፈው። ጉልበትሽ እንዴት ነው? መጋዘኑ ውስጥ ማሞቂያ አስገቡላችሁ ወይስ አለቃሽ አሁንም «ነገ» እያለ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጸጉሬንም ተቆርጫለሁ። ይኸው፣ ዘወትር የምትጠይቂኝን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ መለስኩ።

አሁን ወደ አዲሱ ጥያቄሽ። ሌላ ሰው ስለዚህ ድምፅ ሲጠይቀኝ አፌን የሚዘጋው የለም፤ አንቺ ስትጠይቂኝ ግን ብዕሬ ተያዘ። የፈትል ፋብሪካው ማሽን ጆሮሽን ከወሰደው ስንት ዓመቱ! የምሠራውን አንድም ቀን ሰምተሽው አታውቂም፤ ዕቃውን የምታቀርቢልኝ ግን አንቺ ነሽ። እስቲ ልሞክር። ፔዳሏ መዳፍ የምታክል የብረት ሣጥን ናት፤ ፈዝ ይሏታል። ጊታር ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጣት ጥርት ያለው የክር ድምፅ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ይንዘረዘራል። ልጆች ሆነን ማበጠሪያ ላይ ስስ ወረቀት አድርገን ስንነፋ ከንፈራችንን ይነዝረን የነበረውን ታስታውሻለሽ? እሱን ነው የምሸጠው። ሰው ለዚህ ተራ ይጠብቃል ብትባዪ አታምኚም።

ይህን የሚያደርጉት ውስጧ የሚበየዱት የጣት ጫፍ የማያክሉ ትራንዚስተሮች ናቸው። አዲሶቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከፈረሰው የስልክ ጣቢያ መጋዘናችሁ ከገባው ካርቶን ለቅመሽ የላክሽልኝ ግራጫዎቹ ግን ሌላ ናቸው። አሁን ማንም አያመርታቸውም። ድምፁን ሲለቁት ባንዴ አይጥሉትም፣ ቀስ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ። ቀጮ መሳቁን አልተወም። «ጌታው፣ ትራንዚስተር ወይን ጠጅ መሰለህ እንዴ፣ ሲያረጅ የሚጣፍጥ?» ይለኛል፣ መበየጃውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሊሰካ ምንም ሳይቀረው። ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ሲበይድ ኖሮ ጆሮ አላወጣም።

ዋናው ጉዳይ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር አሥራ ሁለት ፔዳል አዞናል፣ ባለ ግራጫዎቹን ብቻ። አንዷ ሁለት ትራንዚስተር ትበላለች፤ ስለዚህ ሃያ አራት ያስፈልገኛል፣ ከዚያው ካርቶን። የቀረ ካለ ፈልጊልኝ እትዬ። ከመሥሪያ ቤት ካሰናበቱኝ በኋላ ያን ሁለት ዓመት እንዴት እንደነበርኩ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ነገር ያገኘሁት በነሱ ነው።

ወንድምሽ

እትዬ፣ ቀጮ ነኝ፣ እንደተለመደው ደብዳቤው ጭራ ላይ። ዘንድሮም አልወፈርኩም። ጆሮሽን እንዳታስመረምሪ፤ የዚህን ሰውዬ የትራንዚስተር ወሬ ከመስማት ተገላግለሻል።


ኅዳር 2

ማሙሽዬ፣

አርባ ሦስት ዓመት ሞላህ አልሞላህ ለእኔ ማሙሽ ነህ፤ ብትቀየምም አልተወውም። ጉልበቴ ደህና ነው። ማሞቂያው አልገባም። ዘግይቼ ስለላክሁልህ እኔም በተራዬ ጥፋተኛ ነኝ።

ሃያ አራቱም እዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ፤ እንዳይጋጩ በጥጥ ጠቅልዬአቸዋለሁ። ከዚያው ካርቶን መሆናቸውን ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ከዚያው ካርቶን ናቸው። ካርቶኑ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ከታች ሁለተኛው፤ አንድ ጎኑን አይጥ በልቶታል፣ ከላዩ የተቆራረጠ ሽቦ ነበረበት። ዘበኛውም አይቶታል። ይህን ሁሉ ለምን እንደምዘበዝብልህ እንጃ። አሁን ግን አልቋል፤ ሌላ እንዳትጠይቀኝ።

እርጥበት ነክቷቸው ስለነበር የአንዳንዶቹን ቀለም አድሼዋለሁ። ስለዚህ በጣትህ አትሻቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን መልስልኝ። ባይገኙ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ከጥቅምቱ ደብዳቤህ በኋላ በላክኻት ቁራጭ ወረቀት «ካልተገኙ ሱቁን ዘግቼ እተኛለሁ» ብለሃል። እሷን ሳነብ ነው የሰነበትኩት።

ለቀጮ የጀመርኩት ሹራብ አንድ እጅጌ ቀርቶታል። ዓይኔ ሰሞኑን ስለደከመ ነው እንጂ ረስታህ አይደለም በለው።

እህትህ


ኅዳር 24

እትዬ፣

ጥቅሉ ደረሰ። ሃያ አራቱም ደህና ናቸው፣ አንዱም እግሩ አልተሰበረም። ምርጦች ናቸው። እስከ ዛሬ ከላክሽልኝ ሁሉ ይበልጣሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጅሽ ይባረክ።

ዓይንሽን ግን ሐኪም ይየው። በዚያች ፈዛዛ አምፖል ሥር ጥቃቅን ነገር ላይ ስታፈጪ መዋል ይብቃሽ። ለማንም ብለሽ፣ ለእኔም ብለሽ ቢሆን። እሺ በይኝ።

ለጠየቅሽኝ፣ ባይገኙ ኖሮ ምንም አላደርግም ነበር። ያቺን ወረቀት የጻፍኳት ተናድጄ ነው፤ ቅደጃት።

ስላሳጠርኩት ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ብየዳውንም የሣጥኖቹን ቀለምም የምሠራው እኔው ነኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ማሙሽ፣

ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ፤ መነጽሬን ቀየረልኝ። በአዲሱ መነጽር መጀመሪያ ያነበብኩት ያንተን ደብዳቤ ነው፤ ሦስት ጊዜ ገለባበጥኩት። ጭራው ላይ የቀጮ ሰላምታ የለም።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እጁ ተቃጥሎ የታሸገ ጊዜ እንኳ በግራው ሞነጫጭሮልኛል። ብየዳውንም ቀለሙንም የምትሠራው አንተ ከሆንክ እሱ የት ሄደ? ታመመ? እንዳትደብቀኝ። እናቱ ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችሁን ባንድ ሳህን ያበላሁ፣ ባንድ ብርድ ልብስ ያስተኛሁ እኔ ነኝ። ስትኮራረፉ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ፊታችሁን አይቼ አውቅ ነበር። ከዚህ ሆኜ ምንም አይታየኝም።

ሹራቡ አልቋል። በማን አድራሻ ልላከው?

እህትህ


ታኅሣሥ 26

እትዬ፣

አልታመመም። ሥራ ለቋል። እውነቱን ከፈለግሽ እኔ ነኝ ያስለቀቅሁት። ከወር በላይ ደብቄሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ምን እንዳለ አትጠይቂኝ። ስለ ትራንዚስተር የፈለገውን ቢል ለምጄዋለሁ፣ ያለሱ ቀልድ ሥራውም አይገፋልኝም ነበር። ስለ አንቺ ነው የተናገረው። አፉን ሞልቶ ተናገረው፣ እኔም በሩን አሳየሁት። ሽርጡን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። አጣጥፎ ነው ያስቀመጠው። ሰው ተናዶ ሲወጣ ልብስ ያጣጥፋል?

ነገሩ እዚያ ላይ ቢበርድ ጥሩ ነበር። ባለ ሙዚቃ ቤቱ፣ ከማዶ ያለው ጊታር ጠጋኝ፣ ላስታርቃችሁ ብሎ ገባበትና ጭራሽ አባሰው። ቅዳሜ ጥር 9 እሱ ቤት ሁለት ፔዳሎች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ። አንዷ ባንቺ ግራጫዎች የተሠራች፣ ሌላዋ ከሱቅ በተገዛ አዲስ ዕቃ። ባለ ሙዚቃ ቤቱ አሥር ጊዜ እያቀያየረ ይጫወታል፣ እኔ የትኛዋ እንደሆነች እናገራለሁ። አሥሩንም ካገኘሁ ቀጮ የተናገረውን ይውጣል፣ ላንቺም በገዛ እጁ ይቅርታ ይጽፍልሻል። ከሳትኩ ግን የተናገረው ልክ ነበር ይባላል፤ እኔም በሰው ፊት ጆሮ የሌለው ሰው ሆኜ የምከፍተው ሱቅ የለኝም። ወሬው ስለተዛመተ የሰፈሩ ጊታር ተጫዋች ሁሉ ሊመጣ ነው። ከአሁኑ በወንበር ክርክር ይዘዋል።

አትጨነቂ። ያው እኔም አልጨነቅም።

ወንድምሽ


ጥር 4፣ በፈጣን መልእክት

ማሙሽ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ይህ ከቅዳሜ በፊት ካልደረሰህ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ቀጮ ስለ እኔ ምን እንዳለ ገብቶኛል። ያለው እውነት ነው።

ካርቶኑ ባዶ ነበር። መስከረም ላይ መጋዘኑን አጽድተው የቀረውን በገልባጭ መኪና ጭነው ወስደውታል። የት እንደደፉት ሹፌሩን ጠይቄ ሄጄ ነበር፤ አፈር አልብሰውታል። ሁለት ቀን እየተመላለስኩ ቆሜ አየሁት፣ ምን እንደምጠብቅ እኔም አላውቅም። ከዚያ ዕቃ ተራ ሄጄ ሃያ አራት ርካሽ ትራንዚስተር ገዛሁ። ቅርጻቸው የሚመሳሰለውን የመረጠልኝ ሻጩ ነው። ጽሑፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ግራጫ ቀለም ቀባኋቸው፣ ቁጥሩን በመርፌ ጫፍ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ለምን ብትለኝ፣ ያን ሁለት ዓመት ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስትተኛ ምግብ ይዤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ያኔ ቢያንስ በሩ አጠገቤ ነበር። አሁን እንደገና እንደዚያ ብትሆን ከዚህ ሆኜ ምን አደርግልሃለሁ? አላስችለኝ አለ። ድምፁን እንደሆነ አልሰማው፤ ልዩነት ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ? ቀለሙ ከመሰለ ድምፁም ይመስላል አልኩ። እንዲህ ያለ ቂል ሐሳብ ለሚሰማ ሰው አይመጣለትም።

ፈተናው ላይ አትቀመጥ። ቀጮን ፈልገህ እግሩ ላይ ውደቅ። በእኔ አሳብበው፣ እውነትም የእኔ ነው። ልጄ ምንም አልበደለም።

እህትህ


ጥር 23

ማሙሽ፣

ይኸው ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ፣ ካንተ አንዲት መስመር አልመጣችም። የመጣው ከቀጮ ነው። እንዳለ ልገልብጥልህ።

«እትዬ፣ ይህን እንዴት እንደምጀምረው አላወቅሁም። ሐሰተኛ ዕቃ ላከች ብዬ ስምሽን አንስቻለሁ። ጣቴ ላይ ቀለም ስላየሁ ነው። ቀለሙን እንዳደስሽው የጻፍሽበትን ደብዳቤ የሰማሁት ገና ያን ቅዳሜ ነው። ወንድምሽ አሥር ጊዜ ተጠይቆ አሥሩንም ለየ፣ እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። እጁን ጨብጬዋለሁ። ግን ያሳደገችኝን ሴት አታላይ ያልኩ ሰው በምን ፊቴ ያንን ሱቅ እገባለሁ? ከሰፈሩም ወጥቻለሁ። ብትችዪ ይቅር በይኝ፤ ባትችዪም አልፈርድብሽም።»

የላኪ አድራሻ አልጻፈበትም።

ምንም ሊገባኝ አልቻለም። አሥሩንም? ምን ሰምተህ? ደብዳቤዬ ዘግይቶብህ ነው ልበል? ዘግይቶስ ከሆነ እስካሁን ደርሶሃል፤ ለምን ዝም አልከው? በድዬው ሳለ እሱ ይቅርታ ይለምነኛል። ሥራ ቦታ ሽቦ ስለይ እጄ እየተሳሳተ ነው፤ ዘበኛው ሳይቀር ምን ሆነሻል ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ፈልገውና ንገረው። ካልቻልክ አድራሻውን ብቻ አግኝልኝ፣ እኔው እጽፍለታለሁ።

እህትህ


የካቲት 12

እትዬ፣

ደብዳቤሽ አልዘገየም። ሐሙስ ዕለት ደርሶኛል። ቅዳሜ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ጋ ስቀመጥ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጥቅሉ የደረሰ ቀን ሁለቱን በይጄ ጊታሩን ሰካሁና መታሁት። ያው የድሮው ድምፅ! ቀጮን ጎትቼ «ስማ! ስማ እንጂ!» አልኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው በዓለም አልነበረም። ከዚያ አውራ ጣቴን አየሁት፣ ግራጫ ሆኗል። አንዱን አንስቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ቁጥሮቹ ያንቺ ናቸው። የሰባት ቁጥሯ ወገብ ላይ ያቺ አጭር ሰረዝ አለች፤ የደብተሬ ሽፋን ላይ ትጽፊልኝ የነበረችው። እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለይ የኖርኩት ምን ነበር? ግራጫዎቹ በእውነት ይለያሉ ወይስ ግራጫ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው የለየኋቸው? አላውቅም እትዬ። ለሰው ሁሉ መልስ ስሰጥበት የኖርኩት ጥያቄ ነው፣ ዛሬ ለራሴ እንኳ መልስ የለኝም። አሥራ ሁለቱን ለመደብሩ ልኬአለሁ፤ «የድሮ ዕቃ አለበት» የሚለውን ካርድ ግን አልጨመርኩበትም። ድምፁን ወድደውታል። ካርዱ የት አለ ብለው ነው የጻፉልኝ።

ያን ቀን ግን ያሰብኩት ስለ ጆሮዬ አልነበረም። እነዚያን ቁጥሮች ለመጻፍ ስንት ቀን አጎንብሰሽ እንደዋልሽ ነው። ደርሼብሻለሁ ብሎ መጻፍ አቃተኝ። ምርጦች ናቸው አልኩሽ። በሦስተኛው ቀን የቀጮም ጣት ግራጫ ሆነ። «እህትህ ሸውዳሃለች» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ዝም በል» ብለው ይበቃ ነበር፤ እሱም ዝም ይል ነበር። ነገሩ ጮክ ተብሎ ሲነገር ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ውጣልኝ አልኩት።

ፈተናው ላይ አትቀመጥ ብለሽኛል። ባልቀመጥ ስምሽ በሰፈሩ አፍ ሊገባ ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። የኅዳሩን ደብዳቤሽን፣ ቀለሙን አደስኩት ያልሽበትን፣ ለቀጮ ሳላሳየው የቆየሁትን፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። እውነቱን የጻፍሽበት ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ቀረ። አሥሩን ያገኘሁት ደግሞ በጆሮ ብልጫ አይደለም። ያንቺዎቹ ርካሾች ስለሆኑ ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ። ጊታሩ ሲመታ ከሌላው አይለዩም፤ ተጫዋቹ እጁን ሲያነሳ ግን ስስ የ«ሽሽ» ድምፅ ይሰማል፣ ውኃ በቧንቧ ሲያልፍ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚሰማው። ባለ ሙዚቃ ቤቱ መትቶ እጁን ባነሳ ቁጥር እሱን ጠበቅሁ። አሥር ጊዜ ብልሹውን ዕቃ ከደህናው ለየሁ፣ ሰው አጨበጨበልኝ። ቀጮ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጎ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ደብዳቤሽን ልሰጠው ኪሴ ገብቼ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ጫፉን ይዤው ነበር። ሰዎች ከበቡኝ። ቀና ስል ሄዷል።

አሁን እንዳልሽኝ ፈልጌ አገኘሁት። አሳንሰር የሚጠግን ድርጅት ገብቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደብዳቤሽን ይዤ ሄድኩ። ከምድር ቤቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ከስቷል፤ ቀጮም ለካ ይከሳል። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሌላውን ተወው፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «እትዬ ይቅር አለችኝ?»

 እውነቱን ብነግረው እናቴ የሚላትን ሴት ባንድ ቃል እቀማዋለሁ፣ እኔንም አብሬ። ባልነግረው ያልሠራውን በደል ተሸክሞ ይኖራል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። ጨርቁን ይጠመዝዘዋል። መልሴ ሲዘገይበት «አላለችም ማለት ነው» አለ።

«ኧረ ይቅር ብላሃለች» አልኩት።

አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እሱ ከደስታ መሰለው። ሰኞ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

እትዬ፣ ከእንግዲህ የምትልኪውን ደብዳቤ ሁሉ አጠገቤ ቆሞ ያነባል፣ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ለዚህኛው እንዳትመልሺልኝ። ለእሱ ግን ለብቻው ጻፊለት፣ ይቅር ብዬሃለሁ በይው። እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ እኔም ስለው አልሆነልኝም። ግን ከእኔ አፍ መስማቱ አይበቃውም፣ ያንቺን እጅ ጽሑፍ ካላየ አያርፍም።

ወንድምሽ